ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓትና የእናቴ ሰዓት

(በድሬዳዋ፣ በቤታቸው ኦክስጅን ለሚጠቀሙ ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ አስቀድሜ ስለ አዳራሹ አንድ ነገር ልበል። ይህን ቦታ የመረጥነው ደረጃ ስለሌለውና ሶኬት ስለሚበዛበት ነው። በግድግዳው ሥር የተዘረጉት ማከፋፈያዎች ለእናንተ ናቸው። መሣሪያችሁን ሰክታችሁ ተቀመጡ፤ ባትሪውን ለመመለሻው መንገድ አቆዩት። የዛሬው ጉዳዬም ያ ባትሪ በእውነት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው። ቡናው ዛሬ በረንዳ ላይ ነው የሚፈላው። ቅር ያላችሁ እናቶች እንዳላችሁ ከፊታችሁ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ኦክስጅን በሚተነፈስበት ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አይገባም፤ እጣንም ሲጋራም እንዲሁ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከተማችን የተወለደችው ዳገት በመፍራት ነው ብል የድሬ ልጅ የሚቆጣኝ አይመስለኝም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት ወጪው ቢበዛባቸው ሐዲዱን ከግርጌው አስቀሩት። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የሰፈሩ ስም «አዲስ ሐረር» ተባለ። እነዚያ መሐንዲሶች ዳገት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስቀድመው አስልተው ነበር። እኔ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያውም በሕክምና መሣሪያ ጥገና እንጀራዬን እየበላሁ፣ እናቴን ይዤ ያንኑ ዳገት ስወጣ ሒሳቡን ረሳሁት።

ታሪኩን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ ዘመዳችን አረፉና ለቅሶ መድረስ ነበረብን። የእናቴን ሳንባ የጎዳው የዘመናት የማገዶ ጭስ ነው። ሐኪሟ የኦክስጅን መሣሪያዋን መጠን ስትቀመጥ በ2 ቁጥር፣ ስትራመድ 3፣ ሲብስባት እስከ 4 እንድትጠቀም ጽፎላታል። ተንቀሳቃሹን ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፣ ማለትም ኦክስጅንን ከአየር የሚለየውን በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ፣ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ከሰው ገዝታ ነው የላከችልን። ያገለገለ ነው፤ ካርቶኑ ግን አዲስ ይመስላል። ካርቶኑ ላይ «እስከ 5 ሰዓት» ይላል።

እኔም ሒሳቤን ሠራሁ። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ነው። ለመሄጃ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመቀመጫ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለሻ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ግማሽ ሰዓት ይተርፈኛል አልኩ። ስንነሣ ባትሪው ሙሉ ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ጠበቅን። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ጣቷ ላይ ያደረግሁላት ኦክሲሜትር፣ የደም ኦክስጅን መለኪያው፣ ወረደና ቁጥሩን ወደ 3 አደረግነው። ጀጎል ደርሰን መኪና በማይገባበት ቀጭን መንገድ በእግር ስንሄድ 4 ሆነ። ለቅሶ ቤቱ ገብታ ፍራሹ ላይ ገና ከመቀመጧ መሣሪያው ጮኸ። ከቤት ከወጣን 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበር። በሰፈሩ መብራት ጠፍቷል።

የአንዱ ለቀስተኛ መኪና ሸዋ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። እናቴን ደግፈን፣ በየአሥር እርምጃው እያሳረፍን፣ እዚያ አደረስናትና በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት በኩል መሣሪያውን ሰካነው። ከዚያ በኋላ ለቀስተኛው ተራ በተራ ወደ መኪናው እየመጣ እሷን ያጽናና ጀመር። የመጣችው ልታጽናና ነበር። ትንፋሿ መለስ ሲልላት መሣሪያውን በእጇ እየዳበሰች «ይህም እንደኔ ዳገት ይደክመዋል እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። አዎ፣ ይደክመዋል። በዳገት ብቻም አይደለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት ውሸት አይደለም፤ የሌላ ሰው ሰዓት ነው እንጂ። ፋብሪካው ውስጥ፣ በአዲስ ባትሪ፣ በቀዝቃዛ ክፍል፣ በተወሰነ የትንፋሽ ብዛት የተለካ ነው። ሁለት መሣሪያ ስናወዳድርም የሁለት እንግዳ ሰዎችን ሰዓት ነው የምናወዳድረው። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፤ እኔ ጠጋኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቁጥሩን የሚወስነው ሐኪም ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ቁጥር የሚቀንስ ሰው ከእኔ ሰማሁ እንዳይል።

ባትሪው ምኑን እንደሚነዳ ባጭሩ ልናገር። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ኦክስጅን ነው፤ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ አርጎንም አለበት። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ኮምፕሬሰር አየሩን ዜኦላይት የሚባል ማዕድን በተሞላ ቱቦ ውስጥ በግፊት ያስገባዋል። ዜኦላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። አንዱ ቱቦ ሲሞላ ሌላው ይተካና የመጀመሪያው የያዘውን ናይትሮጅን ይተፋል። ያ «ፍስስ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። በመጨረሻ ወደ አፍንጫ የሚደርሰው ከ87 እስከ 96 በመቶ የሚሆን ኦክስጅን ነው፤ አርጎኑ አብሮ ስለሚያልፍ መቶ አይሞላም። እንግዲህ መሣሪያው ውስጥ የተከማቸ ኦክስጅን የለም። ባትሪው የሚያልቀው ኮምፕሬሰሩ አየር ሲገፋ ነው፤ ኮምፕሬሰሩን የሚያስቸግር ነገር ሁሉ ሰዓታችሁን ይበላል።

አሁን ባትሪያችሁን አውጥታችሁ ገልብጡት። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። ቮልት የሚልና አምፔር-ሰዓት የሚል ታገኛላችሁ። ሁለቱን አባዙ። ለምሳሌ 14.4 ቮልት በ6.8 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 98 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። አንዳንዱ ባትሪ ላይ ዋት-ሰዓቱ ራሱ ተጽፏል። ይህ ቁጥር ጣሪያችሁ ላይ ያለው ሮቶ ማለት ነው። መሣሪያው የሚስበው ዋት ደግሞ የቧንቧው አከፋፈት ነው። መሣሪያው 20 ዋት ከሳበ 98 ዋት-ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ይቆያል፤ 40 ዋት ከሳበ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ድሬ ውስጥ የሮቶ ሒሳብ የማያውቅ ሰው ስለሌለ ከዚህ በላይ አላብራራም። ሻጭ «ይህኛው ብዙ ሰዓት ይሄዳል» ሲላችሁ ግን ሮቶው ትልቅ ሆኖ ነው ወይስ ቧንቧው ቆጣቢ ሆኖ ብላችሁ ጠይቁ። ትልቅ ሮቶ በትከሻ ላይ ይከብዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መሣሪያው ላይ ያለው 2 ቁጥር 2 ሊትር ማለት አይደለም። ከትንሾቹ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ኦክስጅን የሚለቁት አየር ወደ ውስጥ ስትስቡ ብቻ ነው፤ በየትንፋሹ ትንሽ ትንሽ። ኢኖጅን ዋን ጂ5 የሚባለውን እንውሰድ፤ ክብደቱ በአነስተኛው ባትሪ 2.1 ኪሎ ገደማ ነው። ቁጥሩ ከ1 እስከ 6 ሲሆን በእያንዳንዱ ቁጥር በደቂቃ 210 ሚሊ ሊትር ይጨምራል። ስለዚህ 2 ቁጥር ማለት በደቂቃ 420 ሚሊ ሊትር ነው። ሆስፒታል ውስጥ ከሲሊንደር ያለማቋረጥ የሚወርደው 2 ሊትር 2,000 ሚሊ ሊትር ነው። እርግጥ ሲሊንደሩ ስታስወጡም ይለቃልና ብዙው ይባክናል። ቢሆንም «በሆስፒታል 2 ነበርኩ፣ አሁንም 2 ነኝ» ማለት አይሠራም፤ በአዲሱ መሣሪያ ላይ ሐኪሙ እንደገና ሊለካችሁ ይገባል።

አምራቹ ለዚሁ መሣሪያ በአነስተኛው ባትሪ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይሰጠዋል። ያ በ1 ቁጥር ነው። በ2 ቁጥር ወደ 5 ሰዓት ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ባለው እያንዳንዱ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። የፊሊፕስ ሲምፕሊጎ ሚኒ ደግሞ በመደበኛው ባትሪ በ2 ቁጥር እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይላል። አንዱ ማስታወቂያ 6.5፣ ሌላው 4.5 ሲል ያየ ሰው የሁለት ሰዓት ልዩነት ያለ ይመስለዋል። ሁለቱንም በ2 ቁጥር ስታስቀምጧቸው ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ነው። ለዚህ ነው «እስከ» የምትለውን ቃል ስታዩ በየትኛው ቁጥር ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

ያለማቋረጥ የሚለቁትማ ጉዳያቸው ሌላ ነው። ትልቁ ሲምፕሊጎ በሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ በትንፋሽ ልክ በ2 ቁጥር ወደ 3 ሰዓት የሚሄደው ባትሪ ያለማቋረጥ 2 ሊትር ሲለቅ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሐኪሙ ያለማቋረጥ ይፈስስ ላለው ሰው የትንሿን መሣሪያ ረጅም ሰዓት ማየት ከንቱ ነው።

የትንፋሽ ብዛትን ደግሞ በቡና ልግለጸው፤ በረንዳው ላይ መፍላት ጀምሯልና። የአምራቾቹ ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በደቂቃ 20 ጊዜ ለሚተነፍስ ሰው ነው። ዳገት የወጣ፣ የደነገጠ ወይም ትኩሳት የያዘው ሰው 30 ጊዜ ሊተነፍስ ይችላል። አንዳንዱ መሣሪያ በጀበናው ልክ ብቻ የሚቀዳ ቡና አፍይ ነው፤ 20 እንግዳ ሲጠብቅ 30 ቢመጣበት ያችኑ ጀበና ለ30 ሲኒ ያብቃቃታል። ጂ5 እንዲህ ነው፤ በ2 ቁጥር ለ20 ትንፋሽ 21 ሚሊ ሊትር የነበረው ለ30 ትንፋሽ 14 ይሆናል። ባትሪው ብዙም አይነካም፤ ሲኒው ግን ጎደለ። ሌላው መሣሪያ እያንዳንዱን ሲኒ እስከ አፉ ሞልቶ የሚቀዳ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ እንደገና ያፈላል፤ ከሰሉም ቶሎ ያልቃል። በዚህኛው ባትሪያችሁ ከሠንጠረዡ ያንሳል። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ለእናቴ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ባትሪ ቢያልቅ ሌላ ባትሪ ይዣለሁ፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ግን የምተካው ነገር የለኝም። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ሐኪማችሁ ሌላ ቢል እሱን ስሙ።

ወደ ደንገጎ ልመለስ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ያቺን 55 ኪሎ ሜትር ስትወጡ የአየሩ ግፊት ወደ 8 በመቶ ይቀንሳል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንዲሠሩ የተፈቀዱ ስለሆኑ ሐረር አያስፈራም። ይሁንና ኮምፕሬሰሩ የሳሳውን አየር አብዝቶ መግፋት አለበት። ሕመምተኛውም እያንዳንዱ ትንፋሹ ስለሚሳሳ ቁጥር ይጨምራል። ባትሪው ከሁለት ወገን ይበላል ማለት ነው። ከሐረር የሚመጡ ሰዎች እዚህ ወርደው «መሣሪያዬ ድሬ ሲገባ ይበረታል» ይሉኛል፤ ትክክል ናቸው።

ድሬም ግን በነጻ አትሰጥም። ሙቀቷን ታስከፍላለች። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ነው። በግንቦትና በሰኔ ጥላ ሥር ራሱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍባት ከተማ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ የቆመና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጡ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። የሊቲየም ባትሪን ከምንም በላይ የሚያስረጀው ሙሉ ሆኖ በሙቀት መቀመጡ ነው፤ የሄደው አቅምም አይመለስም። ስለዚህ ትርፍ ባትሪ ለሳምንታት የምታስቀምጡ ከሆነ ግማሽ ድረስ ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡት። ከመንገድ ገብታችሁ ወዲያው ስትሰኩት አልሞላ ካለ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ እስኪበርድ እየጠበቀ ነው። ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አታስገቡት! አንድ ደንበኛዬ በረዶ ቤቱ ውስጥ ከሥጋ ጋር አስቀምጦት፣ ሲያወጣው ውሃ አልቦት፣ ለእኔ ሲያመጣው አብሮ የመጣው ሽታ ለሁለት ቀን ከጠረጴዛዬ አልለቀቀም።

በተለይ እናቶቻችን መሣሪያውን ከትከሻ አንጠልጥለው ነጠላውን ይደርቡበታል። የአየር መግቢያውና መውጫው ይታፈናል፤ ይሞቃል፤ ኮምፕሬሰሩም ይቸገራል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሣ ቀን ደግሞ የአየር ማጣሪያው በአንድ ቀን ቡናማ ይሆናል። የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ በየሳምንቱ በለዘብተኛ ሳሙና አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ መልሱት። ለዚህ ወደ እኔ መምጣትና ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

አሁን ስለ እርጅና። የሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሞልቶ ካለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያ አቅሙ አንድ አምስተኛውን ያጣል። በየቀኑ የምትጠቀሙበት ከሆነ ይህ ከአሥር እስከ አሥራ ስድስት ወር ገደማ ነው። የእናቴ መሣሪያ ባትሪ ሲመረት የተጻፈበትን ቀን ከሐረር ስንመለስ ነው ያየሁት፤ አራት ዓመት ሞልቶታል። ቤት ተቀምጣ በ2 ቁጥር ስለካው 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሄደ፤ ከ5 ሰዓቱ የቀረው 63 በመቶ ነበር ማለት ነው። ጀጎል ውስጥ የጮኸው ባትሪ ቀድሞም ጎዶሎ ነበር፤ ቁጥሩ ሲጨመርበት፣ ዳገቱና ሙቀቱ ሲታከሉበት ደግሞ ያች ጎዶሎ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አለቀች። ፍርዱን ለራሴ ነው የምሰጠው፤ ከሰው የተገዛ መሣሪያ ሳይለካ ዳገት አይወጣም።

ምትክ ባትሪ ስትገዙም እንደ ወርቅ መዝኑ። 14.4 ቮልት፣ 6.8 አምፔር-ሰዓት የሚል ባትሪ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ 8 ድቡልቡል ሴሎች አሉት፤ በአራት ተከታታይ፣ በሁለት ረድፍ። የእያንዳንዱ ሴል ክብደት ከ45 እስከ 50 ግራም ነው። ስለዚህ ሴሎቹ ብቻ ከ360 ግራም አያንሱም፤ ሽፋኑ ይጨመራል። በሚዛን 250 ግራም የሚመዝን ካመጡላችሁ ሮቶው ከላይ የተጻፈበትን ያህል አይደለም፤ ተዉላቸው።

ስለ ቤት መብራት መጥፋት ብዙ አልልም፤ ባለ 5 ሊትሩ የቤት ኮንሰንትሬተር ከ300 ዋት በላይ ስለሚስብ በትንሽ ኢንቨርተር አይገፋም። ተንቀሳቃሹን ለመሸጋገሪያ፣ ሲሊንደሩን ለረጅሙ ጊዜ ያዙ፤ ሲሊንደር መብራት አይጠይቅም። በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ ትንፋሽ ስለሚለሰልስ በትንፋሽ የሚሠራው መሣሪያ ላይሰማው ይችላል፤ ሳታማክሩ አትተኙበት። በአውሮፕላን ለምትሄዱ፣ ብዙ አየር መንገዶች ከበረራው ሰዓት በግማሽ የበለጠ ባትሪ ይጠይቃሉ፤ 10 ሰዓት ለሚበር ሰው የ15 ሰዓት ባትሪ ማለት ነው። ትርፍ ባትሪ ከእጃችሁ አይለይ፤ ከሻንጣ ጋር ወደ ዕቃ ክፍል አይገባም። ከ100 ዋት-ሰዓት የሚበልጠውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

የቀረው መለኪያው ነው። ባትሪውን ሌሊት ወይም ጠዋት በቀዝቃዛው ሙሉ። ሕመምተኛው ሶኬት አጠገብ ይቀመጥ፤ ሐኪሙ ባዘዘው ቁጥር ይተንፍስ፤ መሙያው ተሰክቶ ጫፉ በእጃችሁ ይሁን፤ ሰዓቱን ጻፉ። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲሰማ ሰክታችሁ ሰዓቱን እንደገና ጻፉ። ያ የቤት ሰዓታችሁ ነው። በሌላ ቀን ግቢ ውስጥ እያራመዳችሁ፣ ለእንቅስቃሴ በታዘዘው ቁጥር ድገሙት። ለመንገድ የምታስቡት ሁለተኛውን ነው፤ ከእሱም ላይ ሢሶውን አንሡ። ሐረር ለምትወጡ እኔ ግማሹን አነሣለሁ፤ ፈሪ በሉኝ። በየስድስት ወሩ ደግማችሁ ለኩ።

እናቴ አሁን ሦስት ባትሪ አላት። በእያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ወሩንና የተለካውን ሰዓት ጽፌበታለሁ። ማንበብ ስለማትችል በፕላስተሩ ጫፍ ላይ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ጭረት አድርጌላታለሁ፤ ጭረቱን በጣቷ ቆጥራ ነው ከቤት የምትወጣው። ባለፈው ጥምቀት ሐረር ውላ ስትመለስ አንዱን ባትሪ ጨርሶ አልነካችውም።

ቅድም ስናገር ከኋላ መስመር አንድ መሣሪያ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ ባለቤቱ አፍረው በነጠላ ሸፈኑት። አባባ፣ እርስዎ ነዎት፤ አይፍሩ፣ ነጠላውን ያንሡለት። ጠረጴዛው ላይ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ፕላስተርና እስክሪብቶ አለ። ባትሪዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በእርስዎ እንጀምር።